ግራ የገባው መምህር

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ግባ፤ ግን ዐይንህን ጨፍን» አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር በኋላ ድንገተኛ ስጦታ ተገዛልኝ ብዬ ደስ እያለኝ ጨፈንኩ። እጄን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝና «የሳሎናችን መጋረጃ ቀለሙ ምንድን ነው?» አለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ክሬም ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ለስለስ ያለ ክሬም» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ።

«እሱን ካወረድኩት ሦስት ሳምንቱ። በል ግለጥ።»

አረንጓዴ ነበር። ያውም ዐይን የሚወጋ አረንጓዴ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ እዚያው መጋረጃ ሥር ተቀምጬ ለተማሪዎቼ የሚታደል አዲስ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ነበር የከረምኩት። ርዕሱ «ሥዕልን የማየት ጥበብ» ይላል።

እኔ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ነኝ። እንጀራዬን የምበላው በዐይኔ ነው ማለት ነው፤ ቢያንስ ደመወዝ የሚከፍሉኝ ሰዎች እንዲያ ይመስላቸዋል። የማስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ምንም አላጠፋም፣ ከቀጠረኝ በቀር። ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ልናዘዝ አስቤ ነበር። ግን ስለ ስላይድ፣ ስለ ፕሮጀክተርና ስለ ሬምብራንት አስረድቼ እስክጨርስ የሰርክ ጸሎት ያልፋቸዋል ብዬ ተውኩት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ትምህርቱን የቀሰምኩት በደርግ ዘመን፣ ያኔ ሌኒንግራድ በሚሏት ከተማ ነው። ተማሪዎቼ በኤርሚታዥ ሙዚየም ሬምብራንት ፊት ለሰዓታት ተመስጬ እንደቆምኩ ያምናሉ። እንዲያምኑ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ሰዓቱ እውነት ነው፤ መመሰጡ ነው የሌለው። የሌኒንግራድን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ የምኖርበት ዶርም ይበርዳል፣ ሙዚየሙ ግን ይሞቃል። ሬምብራንትን ከሌሎቹ ሁሉ የመረጥኩት ማሞቂያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ስለነበረ ነው። ማሞቂያው በራፋኤል በኩል ቢሆን ኖሮ ዛሬ የራፋኤል ሊቅ በሆንኩ። ከአግዳሚው ፊት ለፊት «የጠፋው ልጅ መመለስ» ተሰቅሏል፤ ከሁለት ሜትር ተኩል የሚበልጥ ቁመት ያለው ሥዕል። ሠዓሊው በ1669 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሠራው ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሩሲያኛ ግሥ ሸመደድኩ።

ሌላም አለ። ጁን 15 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አንድ ጎብኚ እዚያው ሙዚየም ገብቶ «ዳናኤ» የተባለችውን የሬምብራንት ሥዕል በቢላ ወጋትና የሰልፈር አሲድ ደፋባት። ጠጋኞቹ ደክመው ለሕዝብ የመለሷት ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ስተርክ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። «ያኔ እኔም እዚያው ነበርኩ» እልና ዝም እላለሁ። ክፍሉም አብሮኝ ዝም ይላል። አንዳንድ ልጆች እጄን በጨረፍታ ያያሉ፤ የአሲድ ጠባሳ ይፈልጋሉ መሰለኝ። «እዚያው» ያልኩት ከተማውን ነው። ሥዕሏ ስትወጋ እኔ ዶርም ውስጥ ካልሲ ሳጥብ ነበር።

ከሌኒንግራድ ይዤ የመጣሁት ዋና ዕውቀት የሁለት ፕሮጀክተር ዘዴ ነው። ዘዴውን ያስፋፋው ስዊዘርላንዳዊው ሃይንሪኽ ቮልፍሊን ነው ይባላል። በጨለማ አዳራሽ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ያበራና እያነጻጸረ ያስተምራል፤ ይህ ጥርት ባለ መስመር የተሠራ፣ ያ በቀለም የሟሟ፤ ይህ ዝግ፣ ያ ክፍት። በ1915 ያሳተመው መጽሐፉም በዚሁ ጥንድ ጥንድ አስተሳሰብ የቆመ ነው። እኔም አገሬ ገብቼ ሁለት ፕሮጀክተር ጠየቅሁ፤ ጉድ ነው፣ ሰጡኝ። በሁለተኛው ሴሚስተር የአንደኛው አምፖል ተቃጠለ። ምትክ ተጠየቀ፤ ጥያቄው ለግዥ ክፍል ተመራ፤ እስከ ዛሬ ተመርቶ ነው ያለው። ዘዴዬን ግን አልቀየርኩም። የመጀመሪያውን ሥዕል አሳይና አጠፋለሁ፣ ሁለተኛውን አበራለሁ፣ ከዚያ «የግራውን በልባችሁ ያዙት» እላለሁ። ለዓመታት ተማሪዎቼ በልባቸው የያዙትን ሥዕል በዐይናቸው ከሚያዩት ጋር ሲያነጻጽሩ ኖሩ። አንዳንዶቹ እንደያዙት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጨለማ ነው፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ እሹሩሩ ይላል። አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ለሥዕሉ ክብር የሰገዱ ይመስለኝ ነበር።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ሁሉም ሥዕል እኩል ነው። ሞና ሊዛ ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ታንሳለች። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከኮንዶሚኒየም ቤቴ ይበልጣል። በእኔ ክፍል ሁለቱም አንድ አልጋ አንሶላ ያህላሉ። ስለዚያ መስታወት ለስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ የከሰዓት ብርሃን ሲያልፍበት ወለሉ ላይ ስለሚፈሰው ቀለም ስናገር አንዳንዴ እኔው እንባ ይተናነቀኝ ነበር። አዳራሹን ያየሁት ግን በሰባተኛው ዓመት ነው፤ ያውም ለስብሰባ አስተርጓሚ ጎድሎ ስጠራ። አንጋጥጬ አንጋጥጬ አንገቴን አመመኝ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ከግድግዳ ካላንደር ላይ ነበር።

ስላይዶቹም አረጁ። የፊልም ቀለም ሲያረጅ ወደ ቀይ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ የእኔዎቹ ሁሉም አንድ ላይ ሄዱ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ሮዝ ሆነ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ ምክንያቱን ብትጠይቀኝ «የንጋት ብርሃን ነው» አልኳት። ጻፈችው።

አሁን ወደ ትልቁ ኃጢአቴ ልምጣ።

በእኛ የእመቤታችን ሥዕሎች ታሪክ ውስጥ ከማስተማር የማልጠግበው አንድ ምዕራፍ አለ። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ወደ አገራችን መጥቶ ለአርባ ዓመት ያህል ኖሯል። የአገሬው ሰው መርቆሬዎስ ይለው ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሕይወት አግኝቶታል። ይህ ሰው በአገሩ ልማድ ሕፃኑን ጌታ በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሣለና ብጥብጥ አስነሣ ይባላል፤ ግራ የንቀት እጅ ነውና ጌታን እንዴት በግራ ታቅፋለች ተብሎ። ሥዕሉ እንዳይጠፋ የተከላከሉለት ንጉሡ ናቸው ይላሉ ተራኪዎቹ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ እንግዳ መጣ። ኢየሱሳውያን ከሮማው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕል በወረቀት እያተሙ በዓለም በተኑ፤ እኛም ዘንድ ደረሰ። የእኛ ሠዓልያን ወደዱትና የራሳቸው አደረጉት። የዚህን ዝርያ ለማወቅ እጇን ማየት ይበቃል። ሁለቱ እጆቿ ከፊቷ ተደራርበዋል፣ የቀኟ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፣ በግራዋ መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑም በግራ ክንዷ ላይ ሆኖ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። ከግራና ከቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ።

እኔ ግን አንድ ልዩ ስላይድ ነበረኝ። ሁሉም ነገሩ ሮማዊ ነው፤ ሕፃኑ ግን በቀኝ ክንዷ ላይ ነው። በቀኝ! እንዳየሁት ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ንድፈ ሐሳቤ ተወለደ፤ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የመጣለትን እንግዳ ቅርጽ ተቀበለ፣ ግን አልተንበረከከም፤ ጌታውን ከንቀት እጅ አንሥቶ ወደ ክብር እጅ አዛወረው። አንድ ክንድ ብቻ ለወጠ፣ በዚያም አንድ ክንድ አገሩን አስከበረ። ይህን ስናገር ስላይዱ ፊት ቆሜ ቀኝ እጄን አነሣ ነበር። ክፍሉ ያጨበጭባል። በአንድ ጉባኤም ላይ አቅርቤው ነበር፤ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁኝ።

ለ11 ዓመት አስተማርኩት።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ዲያቆን ነበረ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ በጨለማ የማይተኛ ብቸኛው ተማሪዬ። ሌሊት ማሕሌት የለመደ ልጅ የእኔ ጨለማ ምን ሊያደርገው ይችላል? ቀኝ እጄን አንሥቼ ሳለ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅዱስ ሚካኤል ግራኝ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተኝተው የነበሩት ሁሉ ነቁ። ዞር ብዬ አየሁ። ሚካኤል ሰይፉን በግራ እጁ ይዟል። ገብርኤልም በግራው። ዲያቆኑ ሳቁ ጋብ እስኪል ጠብቆ ቀስ ብሎ ጨመረ፦ «ጌታችንም የሚባርከው በግራው ነው፤ መጽሐፉ ነው በቀኙ ያለው።»

እስቲ ፍረዱኝ። እመቤታችን ልጇን ወደ ክብር እጅ አዛወረች ብዬ ሳጨበጭብ፣ ልጁ ዓለምን በንቀት እጅ ሲባርክ 11 ዓመት አላየሁም። ከሌኒንግራድ ዲፕሎማ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንመለስበታለን» አልኩ። መምህር ይህን ካለ እንደማይመለስበት ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ ስላይዱን ወደ አምፖሉ ያዝኩት። ጥጉ ላይ በየት በኩል እንደሚገባ የምታመለክት ትንሽ የቀለም ነጥብ አለች። ነጥቧን ያኖርኳት እኔው ራሴ ነኝ፣ በተሳሳተው በኩል። ገለበጥሁት። መላእክቱ ወዲያው ቀኝ እጃቸው ተመለሰላቸው፣ ጌታ በቀኙ ባረከ፣ ሕፃኑም ተመልሶ ግራ ክንድ ላይ ተቀመጠ፤ ልክ እንደ ሮማው። አገሬን ያስከበረው ክንድ ከአንድ የወረቀት ክፈፍ ጋር አብሮ ተገለበጠ። በቀኝ ያቀፉ ሥዕሎች በአገራችን የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ። ያ ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ምን አደረግሁ? ስላይዱን አስተካክዬ አስገባሁና፣ በዚያው ድምፅ፣ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የአባቶቹን ቁጣ ሳይፈራ እንግዳውን ቅርጽ በድፍረት ስለ መቀበሉ አስተማርኩ። ያን ቀን ያነሣሁት ግራ እጄን ነው። ክፍሉ አጨበጨበ። ዲያቆኑ ግን አላጨበጨበም፤ ትክ ብሎ አየኝና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ለቀደሙት ተማሪዎቼ ማስተካከያ አልላክሁም። የስንቱን አድራሻ አገኛለሁ ብዬ ነው፤ ስንፍና ሁልጊዜ የአድራሻ ችግር ይመስላል። ዘንድሮ አንዱ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኝ። ጎልማሳ ሆኗል፣ እሱም ያስተምራል። ትከሻዬን ስሞኝ «ፕሮፌሰር፣ ያ የቀኝ ክንድ ትምህርትዎ እስካሁን ከልቤ አልወጣም፤ ለልጆቼም እሱን ነው የማስተምራቸው» አለኝ። «ከእኔም አልወጣም» አልኩትና ተራዬ ሳይደርስ ሰልፉን ትቼ በእግሬ ሄድኩ።

ስለ ፈተናዎቼ ብዙ አልናገርም። የተሸመደደ ዓመት እጠይቃለሁ፤ ለማረም ይቀላል። አንድ ጊዜ ሠዓሊው ዓለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የከፈቱበትን ዓመት ጠይቄ 1950 ብለው የጻፉትን ሁሉ ዜሮ ሰጠኋቸው፤ መልሴ 1958 ይላልና። ልጆቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የጻፉት፣ እኔ በፈረንጅ። የተሳሳተ ሰው አልነበረም፣ ከአራሚው በቀር። አንዱ አቤቱታ ይዞ ሲመጣ፣ ጥያቄው የተዘጋጀው «ሆን ተብሎ» መሆኑን አስረዳሁት። «ሆን ብዬ ነው» የምትለዋ ቃል የመምህር ጃንጥላ ናት፤ ከሁሉም ዝናብ ታድናለች። ውሻውን ያተረፈችልኝም እሷ ናት።

የውሻው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት የቬርሜር ሥዕሎች ተራ ደርሶ፣ ገና «ያንቀላፋች አገልጋይ» የምትባለዋን ልናይ ስንል መብራት ጠፋ። ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለች ሥዕል ናት፤ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ እጇን ተደግፋ አንቀላፍታለች፣ ከኋላዋ በሩ ገርበብ ብሏል። ሌላ መምህር ቢሆን ክፍሉን ይለቃል። እኔ ግን ምላሴ መብራት አይፈልግም። «ሥዕሏን በቃል አሳያችኋለሁ» አልኩና አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። የጠረጴዛውን ምንጣፍ፣ ሣህኑ ላይ ያለውን ፍሬ፣ የሴትዮዋን ጉንጭ፣ የበሩን ጥላ። ሲሞቀኝ ጊዜ በሩ ላይ አንድ ውሻ አስቀመጥሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ በሩ ባዶ ሆኖብኝ ነው። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ያያል አልኩ። ውሻ በደች ሥዕሎች ውስጥ ስላለው የታማኝነት ምሳሌነትም አሥር ደቂቃ ያህል አብራራሁ። ያን ቀን ማንም አልተኛም። ሲወጡ «ፕሮፍ፣ የዘንድሮ ምርጥ ክላስ!» አሉኝ። ምርጡ ክፍለ ጊዜዬ ሥዕል የሌለበት መሆኑ ያኔ ቅር አላለኝም ነበር።

ማታ አንዲት ተማሪ በቴሌግራም የሥዕሏን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩ «ፕሮፍ፣ ውሻው የቱ ጋ ነው?» የሚል አለ። አየሁ። አቀረብሁ፣ አራቅሁ። ውሻ የለም። የትኛውን ውሻ ከየትኛው ሥዕል ሰርቄ እንዳመጣሁት ሳስብ አመሸሁ፤ የጠረጠርኩት ለንደን ያለውን የቫን አይክን የአርኖልፊኒ ውሻ ነው፣ ግን እሱ ትንሽ ጸጉራም ነው፣ በር ሊጠብቅ የሚችል አይደለም። እንደ ልማዴ ሸሸግ ለማለት መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ሥዕሏ በኤክስሬይ ስትመረመር፣ ቬርሜር መጀመሪያ ከበሩ ወዲያ አንድ ሰውዬ፣ በሩ ላይ ደግሞ ውሻ ሥሎ እንደነበር ታውቋል። ኋላ ሁለቱንም በቀለም ሸፈናቸው።

ውሻ! በሩ ላይ!

እዚህ ላይ ጨዋ ሰው «በአጋጣሚ ነው» ይላል። እኔ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብቼ፣ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ «ውሻውን የፈለጋችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?» አልኩ። አንዷ ብቻ እጇን አወጣች። «ሆን ብዬ ነበር። ሥዕል የሚታየውን ብቻ አይደለም» አልኩና ስለ ኤክስሬይ ማስተማር ጀመርኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከሠዓሊው ሸራ ሥር ያለውን ውሻ በጨለማ የሚያይ ፕሮፌሰር ተብዬ ወሬው ሌላ ትምህርት ክፍል ድረስ ደረሰ። ያቺ ልጅ ብቻ ስትወጣ ጠጋ ብላ «ሰውዬውን ግን ረስተውታል» አለችኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እውነት ለመለወጥ የሞከርኩበት ጊዜ አለ። ሀርቫርድ የምታስተምር ጄኒፈር ሮበርትስ የምትባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ተማሪዎቿን አንድ ሥዕል ብቻ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲያዩ እንደምታዝ አነበብኩ። ራሷም አድርጋዋለች። ኮፕሊ የተባለ ሠዓሊ በ1765 የሣለውን የአንድ ልጅና የሽኮኮ ሥዕል ስታይ፣ የልጁ የጆሮ ቅርጽ በሽኮኮዋ ሆድ ጸጉር ላይ መደገሙን ለማስተዋል ዘጠኝ ደቂቃ እንደፈጀባት ጽፋለች። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔ ለአንድ ሥዕል ዘጠኝ ደቂቃ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለአንድ ሥዕል ወሬ ግን አርባ።

ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አንድ ሙዚየም ሄድኩ። ትልቅ የዓድዋ ሥዕል ፊት አስቀመጥኳቸው፤ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ። «ሦስት ሰዓት። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ያያችሁትን ሁሉ ከነደቂቃው ጻፉ። እኔም አብሬያችሁ አያለሁ» አልኩ። የጥበቃው ሰው ጥግ ላይ የነበረችውን ወንበር አመጡልኝ። ወንበሯ ምቹ ነበረች።

ወረቀቶቹን ቤቴ ሳርም ጥሩ ጥሩ ነገር አገኘሁ፤ እኔ ያላየሁት የመድፍ ጎማ፣ ማንም የማያየው አንድ ከበሮ መቺ። ከዚያ የአንዲቱ ወረቀት መጣ። እንዲህ ይላል፦ «በ12ኛው ደቂቃ፣ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ወደ እኛ ስለሆነ ሁለት ዐይን አላቸው፤ ጣሊያኖቹ በጎን ስለተሣሉ አንድ ዐይን ብቻ። ጻድቅ በሁለት ዐይን፣ ክፉ በአንድ እንደሚሣል ተምረናል። በ47ኛው ደቂቃ ፕሮፌሰሩ አንቀላፉ። በ52ኛው ማንኮራፋት ጀመሩ። በ71ኛው ጥበቃው መጥተው ‹ጋሼ፣ እዚህ መተኛት አይቻልም› አሏቸው። እሳቸውም ‹እያየሁ ነው› አሉ። ማጠቃለያ፦ ኢትዮጵያውያን ሁለት ዐይን፣ ጣሊያኖች አንድ፣ ፕሮፌሰሩ ምንም።»

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። ከመልሱ ውስጥ የምቀንሰው አላገኘሁም።

አንድ ይቀረኛል፤ እሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚያሳፍረኝ ነው። ከዓመታት በፊት «የጠፋው ልጅ መመለስ»ን አሳይቼ ባለ አምስት ማርክ ጥያቄ ሰጠሁ፤ ሠዓሊው የተመልካችን ዐይን ወደ ዋናው ነገር የሚመራው በምንድን ነው? የምጠብቀው መልስ «በብርሃንና በጥላ» የሚል ነበር፤ በሃንዳውቱ ላይ ከነሰረዙ ተጽፏል። አንዱ ልጅ ስለ ጫማ ጻፈ። ልጅ ሆኜ ፒያሳ ሊስትሮ ነበርኩ አለ። የተንበረከከው ልጅ ግራ እግሩ ከጫማው ወጥቷል፣ ውስጥ እግሩም ይታያል፤ የቀኙ ጫማ ከተረከዙ በኩል አልቋል። እንዲህ የሚያልቅ ጫማ በአንድ ወር አያልቅም፤ ባለቤቱ ብዙ አገር ሄዷል፣ ሌላ ጫማም አልነበረውም። እኔ ይህን ጫማ ቢያመጡልኝ አልጠርገውም፣ ወደ ሰፊ ነው የምልከው ብሎ ጨረሰ። ሥዕሉን ከጫማው ጀምሬ ስላየሁት የአባትየውን እጅ ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው ይላል።

«ጥያቄውን አልመለስክም» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ከአምስት ሁለት።

ማታ ላይ ሥዕሉን አውጥቼ አየሁ። ጫማው እዚያ ነበር። ሁለት ክረምት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ማሞቂያውን ተደግፌ ግሥ ስሸመድድ፣ ያ ያለቀ ጫማ ከጉልበቴ በሜትሮች ርቀት ላይ ነበር። ሙዚየሙን የሚያቋርጡት አሮጊቶች ሳይቀሩ ያዩታል። ማርኩን አልቀየርኩም፤ ውጤት ገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ያን ሥዕል ሳስተምር በጫማው ነው የምጀምረው። ግራ እግሩን አሳያለሁ፣ ተረከዙን አሳያለሁ፣ «ይህ ጫማ በአንድ ወር አላለቀም» እላለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። የእኔ ምርጥ ትምህርት እሱ ሆኗል፤ ወጣት መምህራን ሊሰሙት ይመጣሉ። የማንን ሐሳብ እንደምናገር ስጠቅስ «አንዳንድ ምሁራን እንደሚሉት» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ተማሪ እጁን አወጣ። ጥርት ያለ ልጅ ነው፤ ያለ ምንጭ የተጻፈ ወረቀት እንደማልቀበል በመጀመሪያው ቀን የነገርኩትን በቁም ነገር ወስዶታል። «ፕሮፍ፣ የትኞቹ ምሁራን ናቸው? ለወረቀቴ ምንጩን ልጠቅስ ፈልጌ ነው» አለ። «ሐሙስ አመጣልሃለሁ» አልኩት።

የድሮ የማርክ መዝገቦቼን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሁለት ሌሊት ፈለግሁ። ከአምስት ሁለት ያገኙ ልጆች በጣም ብዙ ናቸው፤ እኔ ለጋስ አልነበርኩም። ፊቱን ባስታውስ ቢያንስ በስሙ እደርስበት ነበር። ግን ፊቱን አላውቀውም፤ ክፍሉ ጨለማ ነበር። ነገ ሐሙስ ነው።